ኳሱ መሬት የነካ ለት

ራግቢ ለመጀመሪያ ጊዜ የዳኘሁ ቀን፣ የመጀመሪያው ፊሽካዬ ስህተት ነበር። ያኔ ደብረ ማርቆስ፣ የመምህራን ኮሌጅ ውስጥ የስፖርት መምህርት ነበርኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የእግር ኳስ የመስመር ዳኛ ሆኜ ባንዲራ ይዤ እሮጣለሁ። አርባን ተሻግሬያለሁ። መስመር የሚባል ነገር ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው በከተማው ያለ አይመስለኝም ነበር። ከአዲስ አበባ ለማስተማር የመጣው ወጣቱ ሚኪያስ፣ «ቲቸር ይታይሽ፣ ተማሪዎቹን ራግቢ እያስጀመርኳቸው ነው፤ ዳኛ አጣሁ፤ አንድ ጨዋታ ብቻ ይዳኙልኝ» ሲለኝ ሳላንገራግር እሺ አልኩት።

ሕጉን ሜዳው ዳር ቆመን በጥድፊያ ነገረኝ። ኳሱ ሞላላ ነው። በእጅ ይያዛል፤ በእጅ ሲያቀብሉት ግን ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይሆንም። ተከላካይ ኳስ የያዘውን ሰው አቅፎ መጣል ይችላል። በተጋጣሚ ጫፍ ያለው መስመር ላይ ደርሰው የሚያስቆጥሩት ትራይ ይባላል፤ አምስት ነጥብ ነው። እኔም ይህ ምን ያቅታል ብዬ ገባሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀጭን ልጅ ኳሱን አቅፎ ሮጠ። ሁለት ተከላካይ አምልጦ መስመሩን ተሻገረና ኳሱን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ቆመ። ተመልካቹ ጮኸ። እኔም ነፋሁ። ገና ፊሽካውን ከአፌ ሳላወጣ፣ ከኋላው የደረሰ ልጅ ኳሱን ከእጁ መትቶ አስጣለው። ሚኪያስ እየሮጠ መጣ።

«ቲቸር፣ ትራይ አይደለም።»

«መስመሩን አለፈ እኮ! ዐይኔ እያየ!»

«ልጁ አልፏል። ኳሱ ግን መሬት አልነካም።»

«መሬት ደግሞ ምን አገባው?»

«ነገሩ ሁሉ እሱ ነው» አለኝ እየሳቀ።

ያን ቀን አፍሬ ወደ ቤት ብሄድም ከእፍረቱ ይልቅ ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። በእግር ኳስ ኳሱ ሙሉ በሙሉ መስመሩን ካላለፈ ጎል የለም፤ መሬት ነካ አልነካ ማንም አይጠይቅም። እዚህ ሁሉም ተገልብጧል። ኳሱ መስመሩን ማለፉ ግድ አይደለም፤ መስመሩ ላይ መሬት ከነካ ይበቃል። ሳይነካ ግን የፈለገውን ያህል ቢያልፍ ዋጋ የለውም። ይህን ያወጣው ሰው ምን አስቦ ይሆን እያልኩ ሕጉን ከሚኪያስ ተውሼ ማንበብ ጀመርኩ።

ማንበቡ ብቻ አልበቃኝም። ባለቤቴ ታደለ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከማሽኑ አስነስቼ ግቢያችን ውስጥ አስተኛሁት። ሕጉ ሁለት መንገድ አለው። ኳሱን በእጅ ይዞ መሬት ማስነካት አንዱ ነው፤ በዚህ ጊዜ መጫን አያስፈልግም፣ ነካ ካደረገ አለቀ። ኳሱ በማንም ሳይያዝ መሬት ላይ ከሆነ ደግሞ መጫን ያስፈልጋል፤ በእጅ፣ በክንድ፣ ወይም ከወገብ እስከ አንገት ባለው የሰውነት ፊት። በጉልበት አይሆንም። በእግር አይሆንም። በግንባርም አይሆንም።

«አሁን በደረትህ ተጫነው» አልኩት።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ!» አለ ታደለ። ግን ተጫነው።

ከሁሉ የገረመኝ አንዱ አንቀጽ ነበር። ተጫዋቹ ራሱ ከሜዳው ጎን ውጭ ተጋድሞ ቢሆን እንኳ፣ ያልያዘውን ኳስ እጁን ዘርግቶ ከመስመሩ ወዲያ ባለው የትራይ ክልል ውስጥ ከተጫነው ይቆጠርለታል። ኳሱን ይዞት ከሆነ ግን እግሩ የጎኑን መስመር እንደነካ አብረው ወጥተዋል። ይህንን ለማየት ታደለን ከግቢያችን በር ውጭ አስተኝቼ እጁን ወደ ውስጥ አስዘረጋሁት። ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ቆመው አዩን። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ብለው አልፈው ሄዱ። ለሳምንት ያህል ታደለን ምን እንደነካው ሰፈሩ ይጠይቀው ነበር።

አንድ ጨዋታ ብቻ የተባለው ዓመታት ሆነ፤ ሜዳውን የምናሰናዳው እኔና ልጆቹ ነን። ገመድ በሁለት ችካል ወጥረን በላዩ ኖራ እንነሰንሳለን። የግቡ ቋሚዎች ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ተጫዋች ሲጋጫቸው እንዳይጎዳ ግርጌያቸውን ጭድ በተሞላ ጆንያ እንጠቀልላለን። ክረምት ሲቃረብ ኖራው በአንድ ዝናብ ይሄዳል፤ ጨዋታ ካለ ጠዋት እንደገና ይነሰነሳል። መስመሩን ራሴ ካላየሁ ጨዋታ አላስጀምርም ነበር።

ስለዚያ ጆንያም ክርክር ነበር። ስጀምር ባነበብኩት ሕግ ኳሱን የቋሚው ሥር ላይ ማስነካት መስመሩ ላይ እንደማሳረፍ ይቆጠር ነበር። በኋላ ተቀየረ። አንድ ቀን አንድ ተጫዋች ኳሱን ጆንያው ላይ ደግፎ ትራይ ብሎ ሲዘል፣ «ቀረ እኮ» አልኩት። «ቲቸር፣ አምና ሰጥተውኛል!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አምና ሰጥቼዋለሁ። ሕግ ሲለወጥ ከዳኛው ይልቅ ተጫዋቹ ይጎዳል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መጀመሪያ የተለወጠውን ሰብስቤ እነግራቸው ነበር።

ሌላም የሚገርም ነገር አለ። ተከላካይ ጥፋት ሠርቶ፣ ባያጠፋ ኖሮ ትራይ መቆጠሩ የማይቀር መስሎ ከታየኝ፣ ኳሱ መሬት ባይነካም ትራዩን እሰጣለሁ፤ ለዚያውም ሰባት ነጥብ። ይህን ለታደለ ስነግረው መቀሱን አስቀመጠ። «ያልሆነውን እንደሆነ ቆጥረሽ ትሰጫለሽ ማለት ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «ከባድ ሥልጣን ነው» አለና ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

አንተነህ የመጣው ቡድኑ ከጠነከረ በኋላ ነው። ሮብ ገበያ ከሚባለው ገጠር የመጣ የገበሬ ልጅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አንደበቱ ቁጥብ። ሲሮጥ የሚያቆመው አልነበረም። መስመሩ ላይ ሲደርስ ግን አንድ እንግዳ ነገር ያደርጋል፤ ኖራውን እንደ ቦይ ተራምዶ ያልፍና ኳሱን ሁለት ሦስት እርምጃ ወዲያ ወስዶ ያስቀምጠዋል። በዚያ መሐል ተከላካዮች ደርሰው ያስጥሉታል። ኳሱን መስመሩ ላይ ቆሞ ቢያገኘው እንኳ አንስቶ ያሻግረዋል። ማንሳት ደግሞ መጫን አይደለም፤ ሕጉ በግልጽ ይለያቸዋል።

«ለምን እዚያው መስመሩ ላይ አትጫነውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ወሰን ነዋ፣ ቲቸር።»

«ምን?»

«ወሰን ይነካል እንዴ?» አለኝ፤ የጠየቅኩት ራሱ ነውር የሆነ ያህል።

የገጠር ልጅ ያልሆነ አንባቢ ካለ ላስረዳ። በሁለት ገበሬ ማሳ መካከል ሣር የበቀለበት ጠባብ ሳይታረስ የሚተው መሬት አለ። ወሰን እሱ ነው። ሞፈር አይነካውም። ወሰን ገፋ የተባለ ሰው ስሙ ይጠፋል፤ ልጅ ገና በሬ መንዳት ሲማር መጀመሪያ የሚነገረው ከዚያ ሣር እንዲርቅ ነው። አንተነህ ደግሞ የተለየ ምክንያት ነበረው። አባቱ አያ ደሴ ወሰን ለተጣሉ ሰዎች የሚሸመግሉ፣ በአካባቢው የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። ልጁ ነጭ መስመር ሲያይ እግሩ ራሱ ይሸሻል።

አያ ደሴ ለገበያ ከተማ በመጡበት ቀን ልጃቸውን ሊያዩ ልምምድ ላይ ብቅ አሉ። በሜዳው ዙሪያ ቀስ ብለው ዞሩ። ከዚያ በከዘራቸው ወደ ኖራው እያመለከቱ ጠሩኝ።

«መምህርት፣ ይኸ ነጩ የማን ነው?»

«የወዲያኛው ነው፣ አያ። ከእሱ ወዲያ ያለው ክልል አካል ነው። ኳሱ እሱ ላይ ካረፈ ገባ ማለት ነው።»

«እህ። ይኸ የጎኑስ?»

«የጎኑ ደግሞ የውጪው ነው። ኳስ የያዘ ሰው ከነካው ወጣ ይባላል።»

«አንዱ የውስጥ፣ አንዱ የውጭ!» አሉ በከዘራቸው ተደግፈው። «እኛ ዘንድ ወሰን የሁለቱም ነው፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። ለአንዱ ከሰጡትማ ወሰን ለምን ይሉታል? በሉ አጥር በሉት።»

«መስመር ነው የምንለው፣ አያ።»

«መልካም። ልጁ ታዲያ የቱን ይጥሳል?»

ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ የምራቸውን ነበር የጠየቁት። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ በጣቴ እያሳየሁ ሕጉን ከላይ እስከ ታች ነገርኳቸው፤ ስለ መጫን፣ ስለ ማንሳት፣ ማን ቀድሞ እንደተጫነው ካልታወቀ ለአጥቂው ወገን ስለሚሰጠው፣ ስክረም ስለሚባለው የትከሻ ግፊያ። ጥያቄያቸው የበሰለ ነበር። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ይኸ ወሰን አይደለም ብላለች፤ ንካው» አሉት። አንተነህ እሺ አለ። በልምምድ ላይ አንዳንዴ ይሳካለት ጀመር። ሩጫው ውስጥ ሲሆን ግን እግሩ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

በዚያ ዓመት ከባሕር ዳር ከመጣ ቡድን ጋር አንድ ወሳኝ ጨዋታ ነበር። ያሸነፈው አዲስ አበባ ለሚደረገው ውድድር ያልፋል። የእኛዎቹ አልፈው አያውቁም። አንተነህ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተመርቆ መሄዱ ነው። በዋዜማው ኖራ ስንነሰንስ፣ «ቲቸር፣ እኔ ከደጀን አልፌ አላውቅም። ዓባይን ተሻግሬ ከወዲያ ማዶ ብጫወት ደስ ይለኛል» አለኝ። ብዙ የማይናገር ልጅ ስለሆነ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገባ። ደግሞም እወደው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ጨዋታውን የምዳኘው እኔ ነኝ፤ ሌላ ዳኛ በአካባቢው አልነበረም። የእንግዶቹ አምበል ቢንያም የሚባል ልጅ ከመጀመራችን በፊት መጣ።

«ዳኛዋ የማርቆስ፣ ሜዳው የማርቆስ። እኛ ምን ልንሆን ነው?»

«የምፈራ መሰለህ?»

«አይ፣ እርስዎን መስደቤ አይደለም። ብቻ ዐይናችን እርስዎ ላይ ነው።»

«ዐይናችሁን ኳሱ ላይ አድርጉ» አልኩት።

ጨዋታው ከባድ ነበር፤ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የማርቆስ ልጆች በሦስት ነጥብ እየተመሩ ነበር። አንድ ትራይ ብቻ ይበቃቸዋል። አንዱ ልጃችን ኳሱን በእግሩ መትቶ ከተከላካዮቹ ኋላ ሰደደው። ይህ ሞላላ ኳስ ሲነጥር ወዴት እንደሚሄድ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ነጠረ፣ ተጠማዘዘ፣ ተንከባለለና ኖራው ላይ ቆመ። ልክ ኖራው ላይ።

አንተነህ ሁሉንም ቀድሞ ደረሰ። እኔ ከኋላው እየሮጥኩ ነው፤ ኳሱም እጁም በግልጽ ይታዩኛል። ፊሽካው አፌ ውስጥ ነው። በመዳፉ ጫን ቢያደርገው አለቀ፤ ክንዴን አነሳለሁ፣ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። «ተጫነው!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ዳኛ አይጮህም።

አነሳው። በሁለት እጁ ከኖራው ላይ ብድግ አድርጎ ወደ ወዲያ ተወረወረ። በዚያች ቅጽበት አንድ ግዙፍ ተከላካይ ከጎን መጥቶ አቀፈው፤ ሌሎች ሁለትም በላያቸው ወደቁ።

ደርሼ በሆዴ ተኛሁ። ያየሁት ጉልበት፣ ክርን፣ ጭቃ የያዘ ማልያ ነው። ከኳሱ ሥር የገባ የተከላካይ ክንድ የሚመስል ነገር አየሁ፤ ኳሱን ግን አላየሁም። ተነስቼ በሌላው ጎን ዞርኩ፤ የሰው ጀርባ ብቻ። የመስመር ዳኞቼን በዐይኔ ጠየቅኋቸው፤ ሁለቱም አላየንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ነፋሁ፤ ክንዴን ግን አላነሳሁም።

«መሬት ሲነካ አላየሁም። ትራይ የለም።»

ጩኸቱ ሌላ ነበር። የእኛዎቹ ከበቡኝ። ቢንያም ደግሞ በወዲያ በኩል፣ «ነክቶ ካየሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!» እያለ ይምላል። ያኔ ከተመልካቹ አንዱ፣ «አያ ደሴ እዚያው አጠገቡ ነበሩ፤ እሳቸው ይጠየቁ!» አለ። እውነት ነው፤ ሽማግሌው ከክልሉ ጀርባ ባለው መስመር ውጭ፣ ከወደቁበት ጥቂት እርምጃ ርቀው ቆመዋል። ሰው ሁሉ ይጠየቁ፣ ይጠየቁ ማለት ጀመረ።

ከዚያ ያልጠበቅኩት ሆነ። ቢንያም ማን እንደሆኑ ጠየቀ፤ ወሰን የሚሸመግሉ መሆናቸውን፣ የልጁም አባት መሆናቸውን ነገሩት። ትንሽ አሰበና፣ «ሽማግሌው ነክቷል ካሉ እኔ እቀበላለሁ» አለ። እሱም ለካ የገጠር ልጅ ነው። ሁለቱም ቡድን ተስማማ። ያልተስማማው ሕጉ ብቻ ነው። ሕጉ ምስክር የሚለው እኔንና ረዳቶቼን ነው።

ወደ አያ ደሴ አየሁ። ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ስበው ያዩኛል እንጂ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሁሉም እሺ ብሎ እኔ እምቢ ማለቴ ክፋት መሰለኝ። ግን አንድ ጊዜ ተመልካች ከጠየቅሁ በሚቀጥለው ጨዋታ ማንን ልከልክል ነው?

«ተመልካች አይጠየቅም» አልኩ። ኳሱ ክልሉ ውስጥ ተይዞ መሬት ሳይነካ ሲቀር ሕጉ እንደሚያዘው፣ ለተከላካዮቹ ሰጠሁ፤ ከመስመራቸው ላይ ወደ ሜዳው መሐል መቱት። ትንሽ ተጫወቱና ሰዓቱ አለቀ። እንግዶቹ አለፉ።

ሜዳው ባዶ ሲሆን አንተነህ ቋሚው ሥር ጆንያው ላይ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። አባቱ አጠገቡ ቆመዋል። ልሸሽ አልፈለግሁምና ሄድኩ።

«ቲቸር፣ መስመሩ ላይ ብጫነው ኖሮ ይበቃኝ ነበር?»

«ይበቃህ ነበር። ክንዴን ላነሳ ተዘጋጅቼ ነበር።»

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወደ አባቱ ቀና አለ። «አባዬ፣ ወዲያ ከወደቅሁ በኋላ ግን ነክቷል። በእጄ አውቄዋለሁ። አይተዋል አይደል?»

«ነክቷል» አሉ አያ ደሴ። «ኳሱ አፈሩ ላይ ሲያርፍ በዐይኔ አይቻለሁ።»

አንተነህ ወደ እኔ ዞረ። ዐይኑ እንባ ሞልቷል። «ሰሙ፣ ቲቸር?»

«ሰማሁ።» ወደ አባቱ ዞርኩ። «አያ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲለምን ለምን ዝም አሉ?»

«አባት ነኛ። በወሰን ክርክር አባት ለልጁ አይመሰክርም። ብጠየቅም ዝም ነበር የምል።» ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ወደቁበት ቦታ አመለከቱ። «አንቺ አላየሽም፣ አልሰጠሽም። ልክ ነሽ። እኔ አይቻለሁ፤ እሱ አግብቷል። ይኸም ልክ ነው። ተነስ አንተ፣ ጭቃውን ታጠብ።»

አንተነህ በዚያው ዓመት ተመርቆ ሮብ ገበያ አካባቢ ማስተማር ጀመረ። ቡድኑ በሌላ ዓመት ያለ እሱ አዲስ አበባ ሄደ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ እኔ በየትራይ ክልሉ ጀርባ አንድ አንድ ተጨማሪ ዳኛ ካላቆሙልኝ አልዳኝም ብዬ ሚኪያስን አስቸገርኩት፤ አቆሙልኝ። አሁን የማሠለጥናቸው ወጣቶች ኳሱ ከመድረሱ በፊት መስመሩ ላይ እንዲገኙ እነግራቸዋለሁ። ለምን ሲሉኝ ይህንን አወራቸዋለሁ።

ዳኛ የሚሰጠው ያየውን ነው። ያ ልጅ ትራይ አግብቷል፤ እኔም አልሰጠሁትም፤ አልተሳሳትኩም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሜዳ ላይ እውነት ሊሆኑ ይችላሉ።